የትኛዋ የኛ?

ስፖርት ዴስክ ላይ የሠራ ሰው ሁሉ ዓመታት ቢያልፉም ከሆዱ የማይወጣለት አንድ ዜና አለው። የኔ የአርሁሱ ነው። የዴንማርኩ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና፣ ማርች 30 ቀን 2019 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው)፣ ከ20 ዓመት በታች ሴቶች። ያየ ሰው አይረሳውም። ከኬንያ ቢያትሪስ ቼቤት፣ ከኛ ዓለሚቱ ታሪኩና ጽጌ ገብረሰላማ። ሦስቱም በ20 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ገቡ። አንደኛዋም 20፡50፣ ሦስተኛዋም 20፡50።

ያኔ የምሠራበትን የሬዲዮ ጣቢያ ስም አልጠራም። ዜናውን ያነበበውን ባልደረባዬንም አልጠራም፣ ይሄን ጽሑፍ ካየው ራሱን ያውቃል። ጎበዝ አንባቢ ነው፤ ድምፁ ሲሰማ ሰው ሥራውን አቁሞ ያዳምጠዋል። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። እሱ ያለውን ሰው ያምናል።

ያን ቀን እኔ ውድድሩን በቲቪ እየተከታተልኩ ውጤት አቀባይ ነበርኩ። እሱ ደግሞ የሰዓቱን ዜና ያነባል። ስክሪፕቱን ግን ሩጫው ሳይጀመር ጽፎ ጨርሶታል። «ኢትዮጵያ በወጣት ሴቶች ለሦስተኛ ተከታታይ ጊዜ ወርቅ አገኘች» ይላል። ለተሰንበት ግደይ በ2015 ጉያንግ ላይ፣ በ2017 ደግሞ ካምፓላ ላይ አሸንፋ ስለነበር ሦስተኛውም የኛ ነው ብሎ ደምድሟል። ባዶ የተወው የስሙን ቦታ ብቻ ነው። አይቼው ዝም አልኩ፤ ቀድሞ ማዘጋጀት በኛ ሥራ ነውር አይደለም፣ ሁላችንም እናደርገዋለን።

የአርሁስ መሮጫ ከባድ ነበር። ሞስጋርድ የሚባል ሙዚየም አለ፤ ጣሪያው ሣር የለበሰ ትልቅ ተዳፋት ነው። ልጆቹን ጣሪያው ላይ አስወጥተው ነው ያስሮጧቸው፣ ያውም በየዙሩ። ያንን ዳገት እየደጋገሙ ወጥተው፣ ጭቃውን ረግጠው፣ መጨረሻ ላይ ሦስት ልጆች ጎን ለጎን መጡ። እኔ ቆሜያለሁ። ቴክኒሽያኑም ከመስታወቱ ጀርባ ቆሟል። ሦስቱ እንደተጣበቁ መስመሩን አለፉ።

ማን እንደቀደመ አላየሁም። ማንም አላየም። የቲቪ ካሜራ ልክ መስመሩ ላይ ካልተተከለ ያታልላል፤ ወደ ካሜራው የቀረበችው የቀደመች ትመስላለች። ደግሞ ጭንቅላት ወይም እጅ ማስቀደም ምንም አይጠቅምም፤ የሚቆጠረው ደረት ነው። ያን የሚለየው ፎቶ ፊኒሹ፣ ማለትም ልክ መስመሩ ላይ የሚነሳው ምስል፣ እና እሱን የሚያነቡት ዳኞች ናቸው። ይሄንን የስፖርት ጋዜጠኛ ሁሉ ያውቃል። ባልደረባዬም ያውቃል።

በሩን ገፍቶ ገባ። ዜናው ሊጀምር ደቂቃዎች ቀርተውታል።

«ማን አሸነፈች?»

«ገና ነው። አልጸደቀም።»

«እንዴት ገና ነው? ሮጠው ጨረሱ እኮ!»

«እነሱ ጨርሰዋል፤ ዳኞቹ ግን አልጨረሱም።»

«እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፣ የኛዋ ናት።»

«የትኛዋ የኛ?»

ዝም አለ። ስክሪኑን አየ፣ ወረቀቱን አየ። ልጆቹ ሁለት ናቸው። ሁለቱም ያንኑ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የለበሱ፣ ሁለቱም አሥራዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ሁለቱም ያንን ዳገት የወጡ። «የኛዋ» ብሎ እርግጠኛ የሆነው ሰውዬ የትኛዋ እንደሆነች መልስ አልነበረውም። እኔ በዚያች ቅጽበት ይገባዋል ብዬ ነበር። ይመለሳል፣ «ውጤቱ በፎቶ ፊኒሽ እየተጣራ ነው» ብሎ ያነባል ብዬ ጠበቅኩ። እንዲያውም ጽፌ ሰጠሁት። «ሦስት አትሌቶች እኩል በሚያስብል ሁኔታ ገብተዋል፣ አሸናፊዋን ዳኞች እያጣሩ ነው።» ከዚህ የበለጠ ሰውን ሬዲዮው ላይ የሚያጣብቅ ዜና ምን አለ? አድማጭ እስከሚቀጥለው ሰዓት ድረስ ጣቢያ አይቀይርም ነበር።

ወረቀቴን ተቀበለ። ገባ። ከዚያ የራሱን አነበበ። ባዶው ቦታ ላይ ከሁለቱ የአንዷን ስም አስገባ።

ስልኩ ወዲያው ይጮህ ጀመር። እንኳን ደስ አላችሁ ይላል ሰው። ከአውቶቡስ ውስጥ፣ ከሱቅ፣ ከዘበኛ ቤት። የሚያለቅስም ነበረበት። እኔ ስልኩን እያነሳሁ «ውጤቱ ገና አልጸደቀም፣ ትንሽ ይጠብቁ» እላለሁ፣ ሰው ደግሞ «አሁን በሬዲዮ ሰማን እኮ እህቴ» ይለኛል። ምን ልበል? ጣቢያው የኛ ነው፣ ድምፁ የኛ ነው።

ከዚያ ውጤቱ መጣ። ቼቤት አንደኛ፣ ዓለሚቱ ሁለተኛ፣ ጽጌ ሦስተኛ።

የሚያንገበግበኝ እስከዚህ ያለው አይደለም። ስህተት በቀጥታ ሥርጭት ላይ ያጋጥማል፣ ታርሞ ይታለፋል። የሚያንገበግበኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ለሚቀጥለው ዜና አርእስት ተጽፎ አየሁ፦ «ኢትዮጵያ ወርቁን ተነጠቀች»። ማን ነጠቀን? ወርቁ መቼ የኛ ሆኖ ያውቃል? እኛ ቸኩለን በአፋችን ሰጠን፣ መልሰን በአፋችን አጣነው፤ ልጆቹ ግን ምንም አላጡም። በአንድ ሩጫ ብርና ነሐስ ወስደዋል። ሰዓታቸው ከአሸናፊዋ ጋር አንድ ነው። ይሄ ሁሉ በእኛ አርእስት ሽንፈት ሆነ።

ቡድኑን ደግሞ አስቡት። በዚህ ውድድር አንድ አገር ስድስት ልጆች ያሰልፋል፣ የመጀመሪያዎቹ አራት ደረጃ ይደመርና ትንሽ ነጥብ ያለው ያሸንፋል። ያን ቀን በወጣት ሴቶች የቡድን ወርቅ የኢትዮጵያ ነው። ኬንያን በልጠን! «ወርቁን ተነጠቀች» ተብሎ በሚነበብበት ሰዓት ልጆቹ የወርቅ ሜዳሊያ ሊያጠልቁ ነው ማለት ነው።

ወረቀቱን ይዤ አለቃችን ጋ ሄድኩ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ በሙያው ብዙ የቆዩ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ አርእስት ልክ አይደለም። ወርቅ አለን እኮ። በቡድን።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «አንቺ ልጅ፣ ቡድን ማን ይሰማል? ሰው የሚጠይቀው አንደኛ ማን ወጣ ብሎ ነው። ደግሞ የልጆች ውድድር ነው፣ ዋናው የአዋቂዎቹ ነው።»

የልጆች ውድድር ሲሉ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ይሄ ሩጫ እኮ ለሴት ልጆች የተጀመረው በ1989 ነው፣ ስታቫንገር ኖርዌይ ላይ። ከዚያ ወዲህ ያሸነፉትን እስቲ እንቁጠር ብዬ ቆጠርኩላቸው። ኩትሬ ዱለቻ በ1996። ወርቅነሽ ኪዳኔ በ1999። ጥሩነሽ ዲባባ በ2003 ሎዛን ላይ። በዓመቱ መሰለች መልካሙ፣ ከዚያ ገለቴ ቡርቃ። ገንዘቤ ዲባባ በ2008 እና በ2009። ከዚያ ለተሰንበት ሁለቴ። ከኬንያ ብትሉ እነ ቪቪያን ቼሩዮት፣ እነ ፌይዝ ኪፕዬጎን። ፓውላ ራድክሊፍ ሳትቀር በ1992 ይሄንኑ ነው ያሸነፈችው። «ጋሼ፣ አዋቂዎቹ ከየት የሚመጡ ይመስልዎታል?» አልኳቸው።

ጥሩነሽን ስጠራ ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። እሳቸውም ሎዛንን ያስታውሳሉ። ግን አርእስቱን አልቀየሩም። ያሉኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ልጄ፣ ገብቶኛል። ግን አየር ላይ ወርቅ ብለናል። አሁን ብር አገኘን ብለን በደስታ ብናወራ ሰው አብደዋል ይለናል። ተነጠቅን ካልን ግን ይገባዋል።»

«ሰው እንደዚያ እንዲሰማው ያደረግነው እኛ ነን እኮ፣ ጋሼ።»

«እሱስ እኛ ነን» አሉ። ቀና ሰው ናቸው፣ አልካዱም። ወረቀቱን ግን እንዳለ መለሱልኝ።

ተነበበ። የቡድኑ ወርቅ መጨረሻ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ገባ። የቼቤት ስም ግማሹ ተሳስቶ ነው የተነበበው። ዓለሚቱና ጽጌ ደግሞ «ለጥቂት ሳይሳካላቸው ቀርቶ» ተባሉ።

የዚያችን ቼቤት ነገር ታውቃላችሁ። ዛሬ የኦሎምፒክ ሻምፒዮን ናት፣ ፓሪስ ላይ 5 ሺሕንም 10 ሺሕንም የወሰደችው እሷ ናት። በ10 ሺሕ ከ29 ደቂቃ በታች የሮጠች የመጀመሪያዋ ሴት ናት፤ 28፡54.14። እንግዲህ ከዚህች ሰው ጋር በአንድ ሰዓት መግባት ነው ሳይሳካ ቀረ የተባለው። ያኔ ይሄን ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር፣ እሺ። ግን 20፡50 እና 20፡50 እኩል መሆናቸውን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

በሰኞው ስብሰባ አንድ ማስታወሻ ወጣ። «ያልጸደቀ ውጤት እንደ ውጤት አይነበብ።» ስቱዲዮው በር ላይ ተለጠፈ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ግን ስብሰባው ላይ ስለ አርእስቱ አንድም ቃል አልተነሳም። ባልደረባዬም ፍጥነቱ ተመስግኗል፤ «ጣቢያችን ቀድሞ መድረሱ ጥሩ ነው፣ ጥንቃቄ ግን ይታከልበት» ተባለ። ቀድሞ የት ነው የደረሰው? ያልሆነ ነገር ጋ ቀድሞ መድረስ ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

ማስታወሻው የሠራው አራት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ፌብሩዋሪ 18፣ 2023፣ ባትረስት፣ አውስትራሊያ። ያን ቀን የዜናው አዘጋጅ እኔ ነበርኩ። በአዋቂ ሴቶች ለተሰንበት ስትመራ መጣች። ሊያልቅ ነው፣ መስመሩ ይታያል። ዴስኩ ላይ የነበረው አዲስ ልጅ «ለተሰንበት ወርቅ» ብሎ ጽፎ ሊልከው እጁን ኪቦርዱ ላይ አድርጓል። «ተው፣ ትግባ» አልኩት። ከመግባቷ በፊት ወደቀች። ቼቤት አልፋት ገባች። ለተሰንበት በሌላ ሰው ተደግፋ ስለተነሳች ከውጤት ውጪ ሆነች። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ ምንም አላለም፤ የጻፈውን አጠፋው።

ሁለተኛ ማን እንደወጣች ግን ልብ ያላለ ብዙ ነው። ጽጌ ገብረሰላማ ናት። ያቺው የአርሁሷ ጽጌ፣ አሁን ከአዋቂዎቹ ጋር ብር ወሰደች። በዚያው ቀን በወጣት ሴቶች ሰናይት ጌታቸው የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች፣ መዲና ኢሳ ሁለተኛ ወጥታለች። አንደኛና ሁለተኛ!

አገሩ ግን ስለ መውደቁ ብቻ ነው የሚያወራው። ቪዲዮው ከስልክ ስልክ ይዞራል። እኔም ለለተሰንበት ሆዴ ተላውሷል፣ ያንን አይቶ የማያዝን ሰው የለም። ግን የምሽቱን ዜና ሳዘጋጅ ሰናይትን አስቀደምኩ። ሰናይትና መዲና፣ ቀጥሎ የጽጌ ብር፣ ከዚያ ለተሰንበት። የወርቁን ልጅ ስም ከነአባቷ፣ ሳይቸኩል፣ ሁለት ጊዜ እንዲነበብ አደረግኩ።

ጋሼ ያኔ ጡረታ ወጥተዋል፣ ሬዲዮ ግን ያዳምጣሉ። ከዜናው በኋላ ደወሉ።

«መውደቁን ምነው ሦስተኛ አደረግሽው? ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚጠብቀው።»

«ወርቅ ያገኘች ልጅ ስላለች ነው፣ ጋሼ።»

«የልጆቹ ነው እሱ» አሉ።

«አዎ፣ የልጆቹ ነው» አልኳቸው፣ ስለ ጤናቸው ጠይቄ ስልኩን ዘጋን። በዚህ ጉዳይ ዛሬም አልተስማማንም።