ለኪራይ የሚታደስ ቤት በጀቱ ከየት ይጀምራል?

ጎንደር ውስጥ ቤት አድሶ ለማከራየት ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያማክረው ስለ ኮርኒስና ስለ ቀለም ነው። በእኔ እምነት ግን ምክክሩ ከተከራዩ መጀመር አለበት። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ አካባቢ ቤት የሚፈልግ መምህር አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ውኃ ነው፤ ከአንገረብ ግድብ የሚመጣው ውኃ ለከተማው ሁሉ ስለማይዳረስ፣ ከፍ ካለ ማማ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ከጂፕሰም ኮርኒስ ይልቅ ተከራይ ያቆያል።

ስለዚህ የበጀቱ የመጀመሪያ ድርሻ ከግድግዳ ውስጥ ለሚቀበረው ነገር ይሁን፦ ለቧንቧ፣ ለኤሌክትሪክ መስመርና ለመታጠቢያ ቤት ወለል። ቧንቧው ሳይለሰንበት በፊት ውኃ ሞልተውበት ማሳደር ምንም ወጪ የለውም፤ ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ የተገኘ ፍሳሽ ግን የሴራሚኩን፣ የልስኑንና የእጁን ዋጋ እንደገና ያስከፍላል። የመታጠቢያ ቤቱ ወለልም በእያንዳንዱ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ወደ ማፍሰሻው ማዘንበል ይኖርበታል።

የዕቃ ዝርዝር በግምት ሳይሆን በሜትር ይውጣ። 4 በ3 ሜትር የሆነች፣ ከፍታዋ 2.8 ሜትር የሆነ ክፍል እንውሰድ። የአራቱ ግድግዳ ስፋት 39 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ በርና መስኮቱ ሲቀነስ 36 ይቀራል። አንድ ሊትር የፕላስቲክ ቀለም ለአንድ እጅ ከ8 እስከ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል ብንል፣ ሁለት እጅ ለመቀባት ከ7 እስከ 9 ሊትር ያስፈልጋል። ወለሉ 12 ካሬ ሜትር ሲሆን ለሚቆረጥና ለሚሰበር 10 በመቶ ሲጨመር 13.2 ይሆናል፤ ይህም 60 በ60 ሴንቲሜትር በሆነ ሴራሚክ 37 ፍሬ ማለት ነው። ሴራሚክ ሲገዛ ሁሉም ከአንድ የምርት ዙር መሆኑን ካርቶኑ ላይ ማየት ይገባል፤ በኋላ የሚጨመረው ቀለሙ ላይገጥም ይችላል።

የጭቃ ቤት ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጭቃና ሲሚንቶ እኩል ስለማይጨማተሩ፣ የዶሮ ሽቦ ሳይመታበት የተለሰነ ግድግዳ ይሰነጠቃል፣ ይላቀቃልም። ለብሎኬት ቤት ከ10 እስከ 15 በመቶ መጠባበቂያ እይዛለሁ፤ ለአሮጌ ጭቃ ቤት ግን ከ20 በመቶ በታች መያዝ ድፍረት ይመስለኛል።

ጊዜውም ገንዘብ ነው። በክረምት ልስንና ቻክ (ከቀለም በፊት ግድግዳውን የሚያለሰልሰው ልባስ) ቶሎ አይደርቅም፣ እርጥብ ላይ የተቀባ ቀለምም ይላጣል። በጥቅምት ጀምሮ ከጥምቀት በፊት የሚያልቅ ሥራ ለእንግዳ ማረፊያ ይመቻል። ቤቱ ባዶ የቆየበት ኪራይም ከወጪው ጋር ይደመር። ለምሳሌ 240,000 ብር አውጥቶ ወርኃዊ ኪራዩን በ5,000 ብር ያሳደገ ሰው ገንዘቡ የሚመለሰው በ48 ወር ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በሚተገበርባቸው ከተሞች ዝቅተኛው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ሁለት ዓመት፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር የማይበልጥ በመሆኑ፣ የእድሳቱን ወጪ ከተከራይ በአንድ ጊዜ እሰበስባለሁ ብሎ ማቀድ አያዛልቅም።

ከባለሙያ ጋር የሚደረገው ውል በጽሑፍ ይሁን፤ ክፍያውም ሥራው በደረሰበት ልክ ይከፈል። የመጨረሻው ክፍያ ቧንቧው ሁሉ ተከፍቶ፣ ማብሪያ ማጥፊያው ሁሉ ተሞክሮ፣ በሮቹ ያለ ችግር መዘጋታቸው ከታየ በኋላ ይሰጣል።