ሴቷ አይጥ ዛሬ ስንተኛ ቀኗ ነው?

የሴቷ አይጥ ሆርሞን በየቀኑ ስለሚለዋወጥ ጣጣ ይበዛዋል ተብሎ ለአንጎል ጥናት ወንድ አይጥ ብቻ መያዝ ከልብ ያሳዝናል። ሴቷን ለመያዝ የሚያስፈልገው ከብልቷ ናሙና የሚታይበት በየቀኑ አንድ ስላይድ (የማይክሮስኮፕ መስታወት) እና ትንሽ ትዕግሥት ነው። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ለመመረቂያ ሥራ ነጭ አይጥ የምትይዙ፣ ይህ ለእናንተ ነው።

የትልቋ ነጭ አይጥ የእንቁላል ዑደት ከ4 እስከ 5 ቀን ነው፤ ደረጃዎቹም በቅደም ተከተል ፕሮኢስትረስ፣ ኢስትረስ፣ ሜትኢስትረስና ዳይኢስትረስ ይባላሉ። ኢስትራዳዮል የተባለው የሴት ሆርሞን ቀስ በቀስ ጨምሮ በፕሮኢስትረስ ቀን ጫፍ ይደርሳል፣ አመሻሹ ላይ ሌላው ሆርሞን ፕሮጄስትሮን ይከተለዋል፣ ሌሊት እንቁላል ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1990 የአንጎል ተመራማሪዎቹ ካትሪን ዉሊ፣ ብሩስ ማክዌንና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት፣ ለማስታወስ በሚያገለግለው የአንጎል ክፍል በሂፖካምፐስ፣ ሲኤ1 በተባለው ስፍራ፣ የነርቭ ሴሎች ቅርንጫፍ ላይ ያሉት ጥቃቅን እሾሆች ከፕሮኢስትረስ ወደ ኢስትረስ ሲታለፍ በ24 ሰዓት ውስጥ 30 በመቶ ያህል ይቀንሳሉ። ከሌሎች ነርቮች መልእክት የሚቀበሉት እነዚህ እሾሆች ናቸው። ስለዚህ ቀኗን ሳይለዩ «ሴት አይጥ» ብሎ በአንድ መደብ ማስገባት ሁለት የተለያዩ አንጎሎችን መደባለቅ ነው።

ናሙናው ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ይወሰድ፣ ለምሳሌ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። የውጭ ጽሑፎች 9:00 የሚሉት ይኸንኑ ስለሆነ መዝገብ ላይ አንዱን አቆጣጠር ብቻ ተጠቀሙ። 20 ማይክሮሊትር ንጹሕ 0.9 በመቶ ሴላይን (የጨው ውሃ) ለብ አድርጋችሁ በፒፔት (ትንሽ ፈሳሽ መሳቢያ) ወደ ብልቷ አፍ ብቻ አስገቡ፣ እስኪደፈርስ 3 ወይም 4 ጊዜ ሳቡና መልሱ፣ ስላይድ ላይ አድርጉት። ሲደርቅ 0.1 በመቶ ክሪስታል ቫዮሌት የተባለ ማቅለሚያ 1 ደቂቃ ይቆይበት፣ ከዚያ በውሃ ይታጠብ። ለባክቴሪያ መለያ ለግራም ምርመራ የተዘጋጀው ወፍራም ስለሆነ አቅጥኑት።

በማይክሮስኮፕ ፕሮኢስትረስ ላይ የሚታዩት ኒውክለሳቸው (የሴሉ እምብርት) የሚለይ ክብ ሴሎች ናቸው፣ እንደ ወይን ዘለላ ተጠጋግተው። ኢስትረስ ድርቆሽ ይመስላል፤ ጠርዙ የተሰባበረ፣ ኒውክለስ የሌለው ስስ ቅርፊት። ዳይኢስትረስ ላይ ነጭ የደም ሴሎች ጤፍ እንደተበተነ ሜዳውን ይሞሉታል። ጤፉና ድርቆሹ ከተቀላቀሉ ሜትኢስትረስ ነው።

ፒፔቱ ጠልቆ የማኅፀን በር ከነካ አይጧ ያረገዘች ይመስላታል፣ ለ12 እስከ 14 ቀን ጤፉ ብቻ ይታያል። መብራትም ያበላሻል። 12 ሰዓት ብርሃን፣ 12 ሰዓት ጨለማ ካልተጠበቀ ዑደቱ ይዛባል፤ ሌት ተቀን ብርሃን ከሆነማ ኢስትረስ ላይ ተገትራ ትቀራለች። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የክፍሉ መቆጣጠሪያ ሰዓት ትክክል መሆኑን አረጋግጡ። ሙከራ ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ ሁለት ሙሉ ዑደት ተከታተሉ።

ሆርሞኑን ከውጭ ለመስጠት የእንቁላል ዕጢዎቿ ወጥተው ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይጠበቃል። የተለመደው አሰጣጥ 10 ማይክሮግራም ኢስትራዳዮል ቤንዞኤት በ0.1 ሚሊሊትር ሰሊጥ ዘይት ከቆዳ ሥር፣ ከ48 ሰዓት ገደማ በኋላ 500 ማይክሮግራም ፕሮጄስትሮን፣ ከዚያ 4 ሰዓት ቆይቶ ወንድ የመቀበል ባሕሪዋን መፈተን ነው። ቅደም ተከተሉን አታዛንፉ፤ ባሕሪዋን በሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል በሃይፖታላመስ የፕሮጄስትሮን ተቀባዮችን የሚያበዛው ኢስትራዳዮል ነው። እሾሆችን ለምታጠኑ ደግሞ ሰዓቱ ወሳኝ ነው፤ ፕሮጄስትሮን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ያበዛቸዋል፣ ቆይቶ ግን ያራግፋቸዋል። ከገበያ የተገዛ የሰሊጥ ዘይት አይወጋም፤ ለመርፌ የተዘጋጀ ይሁን፣ ሆርሞን የማይሰጣቸው ማነጻጸሪያ አይጦችም ያንኑ ዘይት ይወጉ።

መኖውንም ጠይቁ። አኩሪ አተር ካለበት ኢስትሮጅን መሰል ንጥረ ነገር ስላለው፣ ዕጢዋ በወጣላት አይጥ ላይ ውጤቱን ያደበዝዛል። መጨረሻ ላይ ማኅፀኗን መዝኑ። ሆርሞን ያልተሰጣት አይጥ ማኅፀን እንደ ክር መቅጠን አለበት፤ ወፍሮ ከተገኘ የዕጢ ቁራጭ ቀርቶባት ሊሆን ይችላልና ውሂቧ ከትንተናው ይውጣ።