ጨው አነሰው

መብራት ሄደ። ሐምሌ ነው፣ ጅማ ነው፣ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ነው፣ ስለዚህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ግን ዛሬ ከሰዓት ጀምሮ እንዲሁ ስልችት ብሎኝ ስለዋለ መብራቱ እኔን ለማናደድ ብሎ የሄደ መሰለኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የኮራል ገንዳዬ ፓምፕ ዝም አለ። ያ ቀኑን ሙሉ የሚያነጫንጨኝ ጉርርር ሲጠፋ ቤቱ የሰው ቤት መሰለኝ።

እንደተለመደው ኩባያዬን ይዤ ገንዳው ስር ቁጭ አልኩ። ውሃውን እቀዳለሁ፣ ከፍ አድርጌ እዛው መልሼ አፈሰዋለሁ፣ ትንሽ አርፋለሁ፣ እንደገና እቀዳለሁ። አየር እንዲገባበት ነው። ኮራል የባሕር እንስሳ ነው፣ ሰውነቱ ውስጥ የሚኖሩት ጥቃቅን አልጌዎች ብርሃን ካለ ምግብም ኦክስጅንም ያመርታሉ፣ ከጨለመ ግን ሁሉም በላተኛ ነው አምራች የለም፣ ወር ሊያልቅ ሲል እንደኛ ቤት ማለት ነው። ሙቀቱ ደግሞ 25 አካባቢ መቆየት አለበት፣ የክረምት ሌሊታችንን ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ የእማን ጋቢ አመጣሁና ገንዳውን አለበስኩት። 60 ሊትር ውሃ ጋቢ ለብሶ ሳሎን ተቀምጧል። እኔ በነጠላ።

(መብራቱ የሄደው እኛ ቤት ብቻ እንደሆነ ያወቅኩት ቆይቶ ነው። የጎረቤት ቲቪ ሲጮህ ሰማሁ። ካርዱ ነው ያለቀው፣ ሙዪ የተባልኩት ደግሞ እኔ ነበርኩ፣ ሰኞ። እንለፈው።)

ሦስቱ እንጉዳዮቼ፣ ኮራሎቹን ማለቴ ነው፣ እንዴት እንደመጡ ስንቴ ነግሬያችኋለሁ። "መሽሩም" ነው የሚሏቸው፣ ጠፍጣፋ ሆነው ድንጋይ ላይ ይለጠፋሉ፣ አጥንት የላቸውም፣ ብዙ ብርሃን አይፈልጉም፣ ኃይለኛ ውሃም አይወዱም፣ በአጭሩ ጀማሪን የሚታገሱ ናቸው ይባላል። የሸጠልኝ ልጅ አዲስ አበባ ላይ በፌስታል ውሃ አስሮ ሲሰጠኝ ዞአንቲድ የሚባለውን ሌላ ኮራልም ልጨምርልሽ ብሎኝ ነበር፣ ቀለሙ ያሳብዳል፣ እኔ ግን ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ ያላቸው አሉ ሲባል ስሰማ እኛ ቤት ማንም መጥቶ እጁን ሁሉም ነገር ውስጥ እንደሚከት አስቤ ተውኩት። (ይሄን ያዙልኝ።) 350 ኪሎ ሜትር አውቶብስ ላይ ፌስታሉን በብብቴ አቅፌ፣ ግልገል ጊቤ ሳይሆን ትልቁ ጊቤ ቁልቁለት ላይ ሙቀቱ ሲጀምር በሹራብ እያራገብኩለት፣ አጠገቤ የተቀመጡት አባት "ልጄ ምንድነው?" ሲሉኝ "እንስሳ ነው" ብዬ። ፌስታሉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

አንደኛው በሁለተኛው ሳምንት ከድንጋዩ ለቀቀና ተንሳፎ ጠፋ። ካልተስማማቸው እንደዚህ ናቸው፣ አይጣሉሽም አይነግሩሽም፣ ለቀው ይሄዳሉ። ከድንጋዩ ኋላ ይኖራል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ጨውን በተመለከተ "ከሱቅ አትገዢም ወይ" ያላለኝ ሰው የለም። አይሆንም። የወጥ ጨው አዮዲን የተጨመረበት ሶዲየም ክሎራይድ ነው፣ የባሕር ውሃ ግን ካልሲየሙ፣ ማግኒዚየሙ፣ ፖታሲየሙ ሁሉ አለው፣ እሱን አስመስሎ የተቀመመውን ነው ታናሼ ከዱባይ በሻንጣ ያመጣልኝ፣ ለሊትር 35 ግራም ገደማ። ድሮ እዚህ ሕርማታ ገበያ ላይ አሞሌ ጨው ገንዘብ ነበር፣ እኔ ዘመን ላይ ገንዘቡ ተመልሶ ጨው ሆነ። ከዛ 6 ሳምንት ባዶ ውሃ። አሞኒያውን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ድረስ ምንም የሌለበት ውሃ ላይ ቁንጥር ምግብ ጣል እያደረግኩ መጠበቅ፣ ሰፈር ውስጥ "ውሃ ቀላቢዋ" የተባልኩት ያኔ ነው።

ልናገር የፈለግኩት ግን ይሄን አልነበረም።

እማ ሻማ ይዛ መጣች። ጋቢዋን አየች፣ ምንም አላለችም፣ ይሄ ራሱ ጥሩ ምልክት አይደለም። ገንዳው ላይ ጎንበስ ብላ ብዙ አየች። እንጉዳዮቹ በጨለማ ተኮማትረው አዝራር አክለዋል፣ እንኳን በሻማ በቀንም ለሷ ምንም አይደሉም። "ይሄማ ያ ድንጋይ ነው" አለች።

"የቱ ድንጋይ?"

"እግሬን የበላኝ።"

ነጩን፣ ቀዳዳ ቀዳዳውን ነው የምታሳየኝ፣ ስሩ ያስቀመጥኩትን። እሱ ድንጋይ አይደለም እማ፣ የሞተ ኮራል አጥንት ነው ልላት አፌን ስከፍት ጣቷን ውሃው ውስጥ ነክራ ቀመሰችው። እማ! አልኩ ጮክ ብዬ። እሷ እቴ። እንደ ወጥ አጣጣመችው።

"ጨው አነሰው" አለች። ሻማዋን ይዛ ሄዳ ተኛች።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዛ ግን ጠረጠርኩና የስልኬን ባትሪ አብርቼ የጨው መለኪያዬ (ሪፍራክቶሜትሩ) ላይ ጠብ አድርጌ አየሁት፣ 35፣ ከዚህ በላይ ልክ የለም። ከዛ የእማ እግር ትዝ አለኝ። የግራ ውስጥ እግሯ ላይ ረጅም ጠባሳ አለ፣ ልጅ ሆኜ ስጠይቃት "አሰብ ድንጋይ ቆርጦኝ" ነበር የምትለው፣ እኔም መንገድ ላይ ያለ ድንጋይ ነበር የሚታየኝ። ለካ ባሕር ውስጥ ነው። ለካ ኮራል ነው! እኔ ፌስታል አቅፌ በአውቶብስ ያመጣሁትን ነገር እናቴ በኮንጎ ጫማ ስትረግጠው ነው ያደገችው።

አያቴ አሰብ ነዳጅ ማጣሪያው ነበር የሚሠራው። በ1983 ሲወጡ እማ ምን ያህል ልጅ እንደነበረች በደንብ አላውቅም፣ ምክንያቱም ስለ አሰብ ስትጠየቅ የምትመልሰው ሙቀቱን ብቻ ነው። ሙቀቱ ይገላል፣ ውጪ አልጋ አውጥተን ነበር የምንተኛው፣ በቃ። ስለ መውጣቱ ምንም። ስለ ባሕሩ እንኳን ምንም። እኔ ደግሞ ባሕር አይቼ አላውቅም፣ እዚሁ ቦዬ ረግረግ ሄጄ ጉማሬ ይወጣ ይሆን ብዬ ከመጠበቅ ያለፈ ውሃ ፊት ቆሜ አላውቅም፣ እና ባሕሩን የምታውቀው እናቴ ጎኔ ተቀምጣ እያለ ዩቲዩብ ላይ የማላውቃቸው ፈረንጆች ስለ ቀይ ባሕር ሲያወሩ ነው የማየው።

ዳታ ከፈትኩ። አይተኛም እንግዲህ። ቀይ ባሕር ከሌላው ይበልጥ ጨዋማ ነው። አንድም ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አይገባበትም፣ ዝናቡ ከቁጥር አይገባም፣ ፀሐዩ እየመጠጠው ጨውን ይተውበታል፣ በደቡብ በባብ ኤል መንደብ በኩል ነው ከውቅያኖስ የሚተካው። ስለዚህ ደቡቡ ላይ፣ ወደ አሰብ አካባቢ፣ 37 ገደማ ነው፣ ወደ ሰሜን ሲሄድ 40 ይደርሳል። (ዝናቡ አሁንም ቆርቆሮውን እየደበደበ ነው። እኛ ጋ ቦዩ ራሱ ወንዝ ነው።)

37! የኔ 35። አንሷል ማለት ነው እኮ! ሁለት ግራም በሊትር፣ ከ30 ምናምን ዓመት በኋላ፣ በሻማ፣ በአንድ ጣት። መላ ሰውነቴን ወረረኝ። ሴትዮዋ ስለ ባሕሩ አንድ ቃል ሳትናገር ምላሷ ላይ አስቀምጣው ኖራለች ብዬ፣ አልቀርም አለቀስኩ ትንሽ፣ ኩባያዬን ይዤ። የጨው ባልዲውን አወጣሁ። ቀስ በቀስ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ብጨምር እንጉዳዮቹም ይችሉታል፣ 37 ላይ አደርሰውና አንድ ቀን ሳልነግራት እስኪ ቅመሺው እላታለሁ ብዬ ማንኪያዬን ሞላሁ።

ማንኪያው እጄ ላይ እንዳለ ነው ትዝ ያለኝ።

እማ ግፊት አለባት። ሐኪሙ ጨው ከከለከላት ሦስት ዓመት ሆኗታል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሽሮው ጨው አነሰው፣ አይቡ ጨው አነሰው፣ እንቁላሉ ጨው አነሰው፣ ባለፈው የጎረቤት ልቅሶ ላይ ንፍሮውን ጨው አነሰው ብላ አሳፍራኛለች።

አሁን የቱ ነው? አሰብ ነው ግፊቱ? ጠዋት ብጠይቃት "ምን አልኩ?" ነው የምትለኝ፣ አውቃታለሁ። ጨውን ባልዲው ውስጥ መለስኩት፣ ከዛ ደግሞ ግማሽ ማንኪያ አወጣሁ፣ ከዛ መለስኩት። 8 ሰዓት ሆኗል። መልቀቅ የወደደው እንጉዳይ እስካሁን አልተገኘም፣ የጋቢው ጥለት ደግሞ መቼ እንደሆነ ሳላየው ገንዳው ውስጥ ገብቶ እስከ ግማሽ ጠጥቷል፣ ጠዋት ሲደርቅ ነጭ ጨው ያወጣል፣ እሱንስ ምን እላታለሁ።