ጳጉሜን የጠፋችበት ሥዕል

ሥራው የመጣው ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ሆቴል ነው። ባለቤቱ የእንግዳ መቀበያውን ግድግዳ የሚሞላ ሥዕል ፈለጉ። ታንኳና ፔሊካን ግን በፍጹም አሉ። «እሱማ በየቤቱ ተሰቅሏል። የጣናን ዓመት ሥሩልኝ።»

የጣና ዓመት እንዴት ይሣላል? አለቃችን፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ከዜና እንሥራው አሉ። ሐሳቡ ከሰማይ አልወረደም። እ.ኤ.አ. በ2007 የኒውዮርክ ታይምስ ሕንፃ መግቢያ ላይ 560 ትንንሽ ስክሪኖች ተሰቅለው ነበር። ማርክ ሃንሰን የሚባል የስታቲስቲክስ ሰውና ቤን ሩቢን የሚባል አርቲስት የሠሩት ነው። ከጋዜጣው የዕለት ዜናና ከማኅደሩ ሐረጎች እየተመዘዙ ስክሪኖቹ ላይ ይፈሳሉ። ጋሼ ቪዲዮውን አይተው ልባቸው ቀርቷል። እኛ ግን 560 ስክሪን ቀርቶ አንድ ደህና ፕሮጀክተርም የለንም። ስለዚህ በሸራ ላይ ይታተም ተባለ።

ዜና የሚያወጡ ድረ ገጾች ብዙዎቹ ርዕስና ቀኑን ለኮምፒውተር በሚመች መልክ ያስቀምጣሉ። ፕሮግራመራችን ከዚያ ላይ ጣና የሚል ያለበትን የዓመቱን ርዕስ ሁሉ ሰበሰበች። አንድ ርዕስ አንድ ነጥብ። ነጥቦቹ ሁለት ሜትር ስፋት ባለው ክብ ዙሪያ ከመስከረም ጀምረው ይዞራሉ። ቀለም መምረጥ የእኔ ሥራ ነበር። ለዓሣ ሰማያዊ፣ ለገዳማቱ ወርቃማ። እንቦጭ አስቸገረኝ። በ2004 ዓ.ም. ሐይቁ ላይ ከታየ ወዲህ የዜና ደንበኛ ነው፤ አረንጓዴ ላድርገው ወይስ እንደ አበባው ወይን ጠጅ? ወይን ጠጅ አደረግሁት። ውጤቱ የሚያስቅ ነው። ከሥዕሉ ሁሉ በጣም ያማረው ስለ እንቦጭ የተጻፈው ክፍል ሆነ።

ሸራው በመስከረም ተሰቀለ። ምርቃቱ ላይ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም መጀመሪያ ባለው ጠርዝ ላይ ምንም ነጥብ የለም። ጥቁር ክፍተት ብቻ። ክቡ ለ365 ቀን ስለተከፈለ አምስት ቀን ማለት ጠርዙ ላይ ወደ ስምንት ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። ከሩቅ ይታያል።

አንድ አስተማሪ እንግዳ ትርጉሙን አብራሩልን። ጳጉሜን የጸሎትና የጸበል ጊዜ ናት፤ በሩፋኤል ዝናብ ሰው ይታጠባል፤ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ዜናውም ዝም ይላል አሉ። ተጨበጨበ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አምኜ ነበር። ደስ የሚል ነገር ነዋ!

ኮዱን፣ ማለትም ሥዕሉን የሠራውን የፕሮግራም ጽሑፍ፣ ለሕዝብ የመልቀቅ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ፕሮግራመራችን ከመጀመሪያው ስትጨቀጭቅ ነበር። የተጠቀምንበት ፕሮሰሲንግ የሚባለው መሣሪያ ራሱ ነፃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ኬሲ ሪስና ቤን ፍራይ አርቲስቶችና ተማሪዎች ኮድ እንዲጽፉበት ብለው የጀመሩት ነው፤ ውስጡም ለሁሉም ክፍት ነው። «የሰው እየበላን የራሳችንን እንደብቅ?» አለች። ጋሼ አልተዋጠላቸውም።

«አንቺ ልጅ፣ ምጣዴን ከነእርሾዬ ለጎረቤት ስጥ ነው የምትይኝ?»

«እርሾ ቢሰጡት ያልቃል እንዴ ጋሼ?»

ያሳመናቸው ግን እርሾው አይደለም፣ ፈቃዱ ነው። ጂፒኤል የሚባል የአጠቃቀም ፈቃድ አለ። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ነው። ኮዱን ወስዶ አሻሽሎ የሚያሰራጭ ሰው፣ ያሻሻለውንም በዚያው ፈቃድ ክፍት አድርጎ መስጠት አለበት። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ፈታ አለ። «እንግዲያው ብድር ነዋ!» አሉ። የዜናዎቹን ጽሑፍ አላወጣንም፤ የእኛ አይደለማ። ማስፈንጠሪያና ቀን ብቻ። ፕሮግራመራችን የይለፍ ቁልፎቹን ከኮዱ ውስጥ ሰርዛ፣ ጊትሃብ የሚባል ኮድ የሚጋራበት ድረ ገጽ ላይ ጫነችው።

ከጎንደር አንድ ተማሪ ወሰደው። ጣናን ትቶ ስለ በዓል ገበያ የተጻፉ ዜናዎችን አስገባበት። የበግ፣ የዶሮ፣ የቅቤ ዋጋ። እንቁጣጣሽ ሊደርስ ሲል ገበያው የሚጦዝበትን ሰሞን ማየት ፈልጎ ነው። የእሱም ሥዕል ልክ እዚያው ቦታ ላይ ባዶ ወጣ። በግ የሚወደድበት ሳምንት ላይ ዜና የለም! እሱ እንደኛ ትርጉም አልፈለገም። ኮዱን ከፍቶ አነበበ።

መልእክቱ አጭር ነበር። «ጤና ይስጥልኝ። ኮዳችሁ ጳጉሜንን አያውቃትም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዜናዎቹ የሚመጡት በፈረንጅ ቀን ነው። ኮዱ ወደ እኛ ቀን ይለውጣል፤ ከዚያ የወሩን ስም ከዝርዝር ይፈልጋል። ዝርዝሩ ከአንድ የውጭ ናሙና የተወሰደ ነበር። አሥራ ሁለት ቦታ ነበረው፤ ጃንዋሪና ፌብሯሪ ወጥተው መስከረምና ጥቅምት ገቡ፣ እስከ ነሐሴ። አሥራ ሦስተኛ ወር ሲመጣ ቦታ የለውም። ፕሮግራሙ ቆሞ መጮህ ነበረበት። ግን «ቀኑ ያልተነበበ ዜና ካለ ዝለለው» የሚል መስመር አለ፤ ጥቂት የተበላሹ ቀኖች ሥራውን እንዳያቆሙት ተብሎ የገባ። ያቺ መስመር ጳጉሜንን በሙሉ ዝም ብላ ዋጠቻት።

ይኸው ነገር በሠንጠረዥ ቢቀርብ ኖሮ ሒሳብ ሠራተኛችን በአንድ ደቂቃ ትይዘው ነበር። ባዶ ረድፍ ጥያቄ ያስነሣል። ሥዕል ላይ ሲሆን ግን ባዶው ቦታ ያምራል፣ አስተማሪ ያብራራዋል፣ ይጨበጨብለታል። ተመልካቹ ዜናው ዝም ያለበትን ቦታ ፕሮግራሙ ከጣለው የሚለይበት ሌላ መንገድ የለውም፤ ኮዱን ማየት አለበት። እኔ ኮድ ማጋራት የፕሮግራመሮች ቸርነት ይመስለኝ ነበር። ለዜና ሥዕል ግን የዕቃው ግማሽ ነው ባይ ነኝ።

ፕሮግራመራችን የጳጉሜንን ስም ጨምራ እንደገና ስታስኬደው ክፍተቱ በነጥብ ሞላ። ይገባል እኮ። ክረምቱ ሲወጣ ሐይቁ የሚሞላበት ጊዜ ነው። በዚያ ላይ መንግሥት ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ለጳጉሜን ቀናት ስያሜ ስለሚሰጥ እያንዳንዷ ቀን የራሷን ዜና ይዛ ትመጣለች። ዝምታ የሚባል ነገር የለም።

ሳይቆይ ሌላ ሰው ደግሞ ጻፈልን። ዘመነ ሉቃስ ሲያበቃ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች፤ ክባችሁ 366 መቁጠር አለበት አለ። ለ2015 ዓ.ም. ዜና ብንጠቀምበት ኖሮ ደግመን እንሳሳት ነበር። እሱም ተስተካከለ።

የሆቴሉን ባለቤት ነገርናቸው። አዲስ ሸራ በነፃ እናትምልዎ አልናቸው። «ተውኝ ባካችሁ፣ እንግዳ ሁሉ ፎቶ የሚነሣው እዚያች ጋ ነው» አሉ። ብዙ ተነጋግረን ከሥዕሉ ሥር አንዲት ወረቀት እንድትለጠፍ ተስማሙ፤ ክፍተቱ ከምን እንደመጣና ኮዱ የት እንደሚገኝ ትናገራለች። የተሟላው ቅጂ ቢሮ አለ። እንደ እውነቱ ከሆነ ያኛው ባለ ክፍተቱ ያምራል።

አሁን ሌላ ሥዕል ጀምረናል። ኮዱ ከምርቃቱ በፊት ይወጣል፤ ጋሼ ራሳቸው ናቸው ያዘዙት። የቀለም ምርጫ ያለበትን ፋይል ግን አልለቅም ብለዋል። «እሱ እንኳ የኛው ይሁን» ይላሉ። ቀለሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ይለቀቅ እላለሁ። ገና አልተስማማንም።