ጉበቴን አሞኝ አንጀቴን?

ዛሬ ያለ ምክንያት ሲከፋኝ ዋለ። ሰማዩም አግዞኛል። ልብስ ልተኩስ ካውያውን እንደሰካሁ መብራት ሄደ። በጨለማ ቁጭ ብዬ የጋሼ ጥያቄ መጣብኝ። «ጉበቴን አሞኝ አንጀቴን ምን ፈለጉት?»

እውነት አላቸው፣ ግራ ያጋባል። ሲያንቀጠቅጣቸው ሰፈሩ ሁሉ ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው አለ። አልትራሳውንዱ ጉበታቸው ላይ መግል አሳየ። ያኔ ደግሞ ሁላችንም አሜባ ነው ብለን ደመደምን፤ እኛ ዘንድ የሆድ ነገር ሁሉ በአሜባ ይሳበባል። የተቀዳው መግል ካልቸር ሲደረግ (ጀርሙ እንዲለይ ላቦራቶሪ ውስጥ ሲያሳድጉት) ግን ክሌብሲየላ የሚባል ባክቴሪያ ወጣ። በዚያ እንዳይሳበብ የሐሞት ጠጠር የለባቸውም፣ ስኳርም የለባቸውም። ትኩሳቱ ለቀቃቸው። እሳቸው ዳንኩ ብለው ዶሮ ያሠራሉ፣ ሐኪሙ ኮሎኖስኮፒ ይላል፤ አንጀታቸው በካሜራ ይታይ ማለቱ ነው።

ከአንጀት የሚነሳው ደም ልብ ጋ ከመድረሱ በፊት በጉበት ነው የሚያልፈው። ክሌብሲየላ ደግሞ ብዙ ሰው አንጀት ውስጥ ማንንም ሳይነካ ይኖራል። አንጀቱ ላይ የቆሰለ ዕጢ ካለ ግን በቁስሉ ሾልኮ ደም ውስጥ ይገባል። ጉበት ሲደርስ መግል ይቋጥራል። ዕጢው ራሱ ላያም ይችላል፤ ሰገራ ላይም ደም ላይታይ ይችላል። ጥፋተኛው ዝም ብሎ ጎረቤቱ ይጮኻል።

ካሜራው ገብቶ ምንም የማይገኝባቸው ሰዎች ይበዛሉ፣ ይህን ለራሴ ደጋግሜ እነግራታለሁ። ፖሊፕ፣ ማለትም አንጀት ግድግዳ ላይ የበቀለች ትንሽ እብጠት ብቻ ከሆነም ብዙውን ጊዜ እዚያው ተቆርጦ ይወጣል። ትኩሳቱ ለቀቀ ተብሎ ምርመራው ከቀረ ግን ያናድደኛል። መግሉ ተቀዳ እንጂ ከየት እንደመጣ ማን ጠየቀ?

ለማውራት ይቀላል። ካንሰር የምትለዋን ቃል ማን ይንገራቸው? ቤተሰቡ መክሮ «አይነገራቸው» ብሏል። እማዬንም እንዲሁ ደብቀናት ነበር። ሁላችንም ሳሎን እየሳቅን ገብተን ኩሽና እያለቀስን እንወጣ ነበር። ታውቅ እንደነበር እስከዛሬ እጠረጥራለሁ። አውቃ ለእኛ ብላ ዝም ብላ ከሆነስ? ማን ነው ማንን ሲያስታምም የከረመው?

ይህን እየጻፍኩ ጋሼ ደወሉ።

«ለጥንቃቄ ነው ጋሼ» አልኳቸው።

«የማን ጥንቃቄ?» አሉኝ።

«ሃሎ? ሃሎ? አይሰማም፣ ኔትዎርኩ ነው መሰለኝ» ብዬ ዘጋሁት።

ኔትዎርኩ ሙሉ ነበር።