ዋናው ተዋናይ ተበላ

የቡድን ሥራ ላይ ሁሌም አንድ ሰው ይጠፋል። በእኛ ቡድን የጠፋው ዋናው ተዋናይ ነው። ጠፋ ስል ስልኩን ዘጋ፣ ቤተሰብ ጥየቃ ሄደ ማለቴ አይደለም። ተበላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአንድ ኮርስ አምስት አምስት እየሆናችሁ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ሥሩ ተባልን። ርዕሱ እምቦጭና ጣና። ከሦስቱ ደቂቃ ቢያንስ 30 ሰከንዱ አኒሜሽን መሆን አለበት። 30 ሰከንድ ሲባል ሁላችንም ሳቅን። ቲክቶክ ላይ እኮ 30 ሰከንድ ከረዘመብን በጣታችን ገፍተን የምናልፈው ነገር ነው።

ቡድናችንን ላስተዋውቃችሁ። ስም አልጠራም፤ አሁንም አብረን ነው ምሳ የምንበላው። ዳይሬክተሩ አለ። ማንም አልመረጠውም። በመጀመሪያው ስብሰባ «እኔ ዳይሬክት አደርጋለሁ» አለ፣ አለቀ። ካሜራዋ አለች፤ ከሁላችን የተሻለ ስልክ ያላት እሷ ናት። ድምፁ አለ፤ ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ስለሚያወጣ ተራኪነቱ ያለ ተቃውሞ ተሰጠው። አምስተኛው አለ። እሱ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ በየሦስት ቀኑ ብቅ ይልና «እንዴት ሆነ?» ብሎ ይሰወራል። እኔ ደግሞ ቤት አለኝ። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር የተከራየኋት አንዲት ክፍል። በቡድን ሥራ ውስጥ ቤት አለው ማለት ስቱዲዮውም፣ መጋዘኑም፣ ሻይ አፍዪውም እሱ ነው ማለት ነው። በመጨረሻም ጥፋተኛው።

መጀመሪያ ሐሳባችን ትልቅ ነበር። ዳይሬክተሩ ላፕቶፑ ላይ ብሌንደር ጫነ። በነፃ የሚገኝ የሥሪዲ አኒሜሽን መሥሪያ ነው። ሁለት ሌሊት ዩቲዩብ ላይ አፍጥጦ ዓሳ ሠራ። ከሩቅ ሲያዩት ጫማ ይመስላል። ከቅርብ ሲያዩት ሌላ ጫማ ይመስላል። ቢሆንም ኮራንበት። ከዚያ ሬንደር እናድርገው አልን፤ ላፕቶፑ እያንዳንዱን ምስል አስልቶ ያውጣ ማለት ነው። አንዲቷን ፍሬም፣ ማለትም አንዲቷን ምስል፣ ለመጨረስ ሰባት ደቂቃ ፈጀ። ማራገቢያው ሊነሣ ያለ አውሮፕላን ሆነ።

ሂሳቡን ሶፍት ላይ ሠራነው። በሰከንድ 24 ፍሬም። 30 ሰከንድ ሲሆን 720 ፍሬም። በሰባት ደቂቃ ሲባዛ 5,040 ደቂቃ። ማለትም 84 ሰዓት። ሦስት ቀን ተኩል፣ ሳያርፍ። ላፕቶፑ ያለ ቻርጀር የሚቆየው 40 ደቂቃ ነው። ስለ ሰፈራችን መብራት ደግሞ ምንም አልልም፤ ይሄን እየጻፍኩ እንዳይሄድብኝ።

ያኔ ነው ካሜራዋ ስቶፕ ሞሽን ያለችው። ዕቃውን ታስቀምጣለህ፣ ፎቶ ታነሣለህ፣ ትንሽ ገፋ ታደርገዋለህ፣ ደግሞ ታነሣለህ። በሰከንድ 12 ፎቶ ይበቃል፤ እያንዳንዱ ፎቶ ሁለት ሁለት ፍሬም ይሸፍናል፣ ዓይን አይነቃበትም። ስለዚህ 360 ፎቶ ብቻ። መብራት አይፈልግም፣ ላፕቶፕ አያቃጥልም። ተስማማን።

«ዓሳውን ከምን እንሥራው?» አልኩ። ጭቃ ተባለ። ካርቶን ተባለ። ዳይሬክተሩ ግን ተነሥቶ በመስኮቴ ወደ ውጭ አየ። ሐይቁን የሚያይ ሰው አስተያየት ነበር። ከእኔ መስኮት የሚታየው የጎረቤት ሽንት ቤት ነው።

«ጣና አጠገባችን ተኝቶ የካርቶን ዓሳ?» አለ። «እውነተኛ ዓሳ ነው የሚያስፈልገው።»

አሁን ሳስበው ያን ጊዜ አንዳችን «ተው» ማለት ነበረብን። ግን የቡድን ሥራ ላይ «ተው» ያለ ሰው አማራጭ አምጣ ይባላል። ዝም አልን።

በማግስቱ ማለዳ ሐይቁ ዳር ወረድን። ሁዳዴ ነው። በሁዳዴ ባሕር ዳር ላይ ዓሳ የሚፈልገው ሰው ብዛቱ አይጣል ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው። የደንገል ታንኳቸውን ዳር ካስያዙት ዓሳ አጥማጆች አንዱ ጋ ቀረብን። ሁለት ዓይነት ነበረው። አምባዛው ሪዛም ነው፣ ወንጀለኛ ይመስላል። ቀረሶው ፊቱ የዋህ ነው። ያለ ክርክር ቀረሶው ለዋና ተዋናይነት ተመረጠ። አጥማጁ ቢላውን አንሥቶ «ልበልትላችሁ?» አለን።

«አይ፣ እንዳለ ይሁን። ፊቱን እንፈልገዋለን።»

«ፊቱን ለምን?»

«ፊልም ሊሠራበት ነው» አለ ዳይሬክተሩ ኮራ ብሎ።

ሰውየው ዓሳውን አየ። እኛን አየ። «እንግዲያስ ገንዘቡን አስቀድሙ» አለ።

የቀረው እምቦጩ ነው። እውነተኛው በብዛት ያለው በጣና ሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ በደንቢያና በፎገራ ዳርቻ ነው። እዚያ ድረስ መሄጃ ብር የለንም። ቢኖረንም ደግሞ እምቦጭን ከቦታ ቦታ ይዞ መዞር ማለት በገዛ እጅ መዝራት ነው። የአረሙን ጉዳት ልናስተምር ሄደን አረሙን ብናዛምት ምን ይባላል? ስለዚህ ዓይኔ አከራዬ ጓሮ ላይ አረፈ። ጎመን።

«እማማ፣ ትንሽ ጎመን ይሰጡኛል?»

«ምነው፣ ወጥ ልትሠራ ጀመርክ?»

«አይ እማማ፣ ለቪዲዮ ነው። እምቦጭ ሆኖ ሊሠራ።»

«በስመ አብ! ውሃ አጠጥቼ ያሳደግሁትን ጎመን እምቦጭ ልትለው?»

ቢሆንም ሰጡኝ። እማማ ሲቆጡም እጃቸው አይታጠፍም። ጎመኑን በጣጥሰን ሰማያዊ ፌስታል ላይ በተንነው፤ ፌስታሉ ጣና ነው። እምቦጭ ሐምራዊ አበባ ስላለው በየቅጠሉ ላይ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ሰካን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያምር ነበር። የካሜራዋን ስልክ ከተገለበጠ ወንበር እግር ጋር በፕላስተር አሠርናት። ቀረሶው መሐል ላይ ተጋደመ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጀመርን።

የመጀመሪያዎቹ 50 ፎቶዎች ፍቅር ነበሩ። እኔ ዓሳውን በጣቴ ግማሽ ሳንቲሜትር ገፋ አደርጋለሁ፣ እጄን እሰበስባለሁ፣ ካሜራዋ «ጠቅ» ታደርጋለች። ገፋ፣ ጠቅ። ገፋ፣ ጠቅ። ከ80 በኋላ ዝንብ መጣ። አንዱ ዝንብ የዓሳው ዓይን ላይ ተቀመጠ። እናባርረዋለን፣ ይመለሳል። ፊልሙን ስታዩት ዝንቡ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ከዓይን ወደ ጅራት፣ ከጅራት ወደ ጀርባ ይዘላል። ከዓሳው የተሻለ ተጫውቷል።

ከ120 በኋላ ሽታው መጣ። የባሕር ዳርን የመጋቢት ሙቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አምስት በአራት ክፍል፣ አራት ሰው፣ አንድ ሟች። አንድ ሌላ ነገርም አላሰብንም ነበር፤ ስቶፕ ሞሽን ላይ ብርሃን መለዋወጥ የለበትም። የእኛ መብራት ደግሞ በመስኮት የምትገባው ፀሐይ ናት። ፀሐይ ትሄዳለች። ፊልሙ ላይ የዓሳው ጥላ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ዞሮ ማዶ ይደርሳል።

214ኛው ፎቶ ላይ ሁላችንም ራበን። በሩን ቆልፈን ሽሮ ልንበላ ወጣን።

ስንመለስ ፌስታሉ ላይ ጅራት ብቻ ነበር።

ጅራቷም ቀጥ ብላ፣ ያው 214ኛው ቦታ ላይ። ካሜራዋ «ኮንቲኒዩቲውን ጠብቃለታለች» አለች፤ የትዕይንቱን ተከታታይነት ማለቷ ነው። ማን እንደሆነች ጥያቄ አልነበረም። የእማማ ድመት አልጋዬ ላይ ተኝታ አፍንጫዋን ትልሳለች። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልትረዱላት ይገባል። እማማ ጠንካራ ጿሚ ናቸው። ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ በግቢው ውስጥ ወተት የለም፣ ሥጋ የለም፣ ዓሳም እሳቸው ዘንድ የሥጋ ዘመድ ስለሆነ የለም። ድመቷ ለአምስት ሳምንት የሽሮ ፍትፍት ነው የበላችው።

እማማ ጩኸታችንን ሰምተው መጡ። ጅራቱን አዩ። ድመቷን አዩ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«ልጄን አስገደፋችኋት!»

እኔ ይቅርታ ጠየቅኩ። ምን እንደምል ጨንቆኝ «ሳታውቅ ነው እማማ» አልኩ። ድምፁ ወደ ግድግዳው ዞሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ዳይሬክተሩ ብቻ አልሳቀም። እሱ ሐዘን ላይ ነበር።

ወደ ማታ ሁለተኛ ዓሳ ፍለጋ ሄድን። እንደገና አዋጣን። ያገኘነው ቀረሶ የመጀመሪያውን አባት የሚያክል ነው። ሌላ አልነበረም። ጎመኑም እስኪመሽ ጠውልጎ ተጨማድዷል፤ ትኩስ ጎመን እንዳልጠይቅ ደግሞ ከእማማ ጋር በድመት ተቀያይመናል። የቀሩትን 146 ፎቶዎች በስልክ ባትሪ ብርሃን ጨረስናቸው። ሌሊቱን ክፍሌ ሳይሆን ደጅ ነው ያደርኩት ማለት ይቻላል።

ስለ ፊልሙ የድምፅ ቀረጻ ትንሽ ልበል። ስክሪፕቱ ላይ ጉማሬ አለ። አባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ስላለ ቀድተን እንምጣ ብለን አንድ ምሽት ዳር ላይ ተቀመጥን። የቀዳነው ትንኝ ነው። ጉማሬዎቹ በዚያ ቀን የሚሉት አልነበራቸውም። በመጨረሻ ደጃፌ ላይ የቆመ ባጃጅ የሞተር ድምፅ ቀድተን ፍጥነቱን በግማሽ ቀነስነው። ቁርጥ ጉማሬ! ሳናስተውል የቀረው የሹፌሩን ድምፅ ነው። ፊልማችን ላይ ጉማሬው ከውሃ ብቅ ይልና፣ በከባድ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ «ጊ…ዮር…ጊስ… አን…ድ… ሰው» ይላል።

የማሳያው ቀን ደረሰ። አምስተኛው በሸሚዝና በክራቫት መጣ። የስማችን ዝርዝር በፊደል ተራ ነው፤ የእሱ ስም በ«ሀ» ይጀምራልና ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ የወጣው እሱ ነው።

ፕሮጀክተሩ በራ። ድምፁ በሚያምር አንደበቱ ይተርካል፦ «እምቦጭ ምቹ ሁኔታ ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል።» ስክሪኑ ላይ ጎመኑ እየጠወለገ፣ እየጠወለገ ይሄዳል። «ፀሐይ ይጋርዳል፣ ከውሃው ውስጥ ኦክስጅን ያሳጣል፣ ዓሳዎችንም ያቀጭጫል።» ልክ «ያቀጭጫል» ሲል 215ኛው ፎቶ ደረሰ። ዓሳው በአንድ ቅጽበት እጥፍ ሆነ። ክፍሉ ፈነዳ። ከኋላ አንዱ «ዓሳውን ምን ቀለባችሁት? እኔንም ቀልቡኝ!» አለ። ከዚያ ጉማሬው መጥቶ ወደ ጊዮርጊስ አንድ ሰው ፈለገ። ከዚያ በኋላ ያለውን ተራኪ የሰማ የለም።

መምህራችን ሳቅ እስኪበርድ ጠበቁ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ከፊልማችሁ እንደተረዳሁት» አሉ፣ «እምቦጩ በራሱ ጊዜ ይደርቃል፤ ዓሳውም ይወፍራል። መፍትሔው እንግዲህ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው ማለት ነው?»

አራታችንም መሬት መሬት አየን። አምስተኛው ክራቫቱን አስተካክሎ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣ።

«መምህር፣ የመጀመሪያው ክፍል ዛሬ ነው። ሁለተኛው ክፍል ኅብረተሰቡ አረሙን ካስወገደ በኋላ ያለው ጣና ነው። የብርሃኑ ለውጥ የዘመን ለውጥ ነው። የዓሳው ማደግ ተስፋ ነው።»

መምህሩ ለረጅም ጊዜ አዩት። «ጉማሬውስ?» አሉ።

«እሱ… የትራንስፖርት ችግርን ነው።»

ከ20 14 ሰጡን። እውነቱ ይነገር ከተባለ አራቱን ያመጣው አምስተኛው ነው። ይሄን መቀበል እስካሁን ይተናነቀኛል።

ከዚያ እያንዳንዳችን «ከቡድን ሥራው ምን ተማርኩ?» የሚል አንድ ገጽ ጽፈን እንድናስገባ ታዘዝን። እኔ ስለ ብርሃን ጻፍኩ፤ መጋረጃ ዘግቶ ቋሚ አምፖል መጠቀም እንደሚሻል። ስለ ፍሬም ቁጥር ጻፍኩ። ስለ ሥራ ክፍፍልም ጻፍኩ፤ ቤት ያለው ሰው ሌላ ሥራ እንዳይሰጠው ሐሳብ አቀረብኩ። አንድ ነገር ግን አልጻፍኩም። ለቡድኑም አልነገርኩም። ሽሮ ልንበላ ስንወጣ ሁሉም የሚያስታውሰው በሩን መቆለፌን ነው። መስኮቱን ሽታው እንዲወጣ ብዬ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ዳይሬክተሩ እስከ ዛሬ ድመቷ በጣሪያ ስንጥቅ እንደገባች ነው የሚያምነው። ቆርቆሮውን ወጥቶ መርምሯል፤ ምስኪን።

ከእማማ ጋር ለፋሲካ ታረቅን። ዶሮ ወጥ በሳህን ከድነው ላኩልኝ። ድመቷም ተከትላ መጣች፤ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ፌስታል የነበረበትን ጠረጴዛ ታያለች። አሁንም ቀን ቀን ትመጣለች።

የዚህ ሴሚስተር ፕሮጀክት ወጥቷል። ቡድኑ አይቀየርም ተብሏል። የደረሰን ርዕስ የዶሮ እርባታ ነው። ዳይሬክተሩ ትናንት ማታ ግሩፑ ላይ ጻፈ፦ «እውነተኛ ዶሮ ነው የሚያስፈልገው።» አምስተኛው ወዲያው «እንዴት ሆነ?» አለ።

እኔ ተነሥቼ መስኮቱን ዘጋሁ።