«እኔ ማን ነኝ?» ብሎ የሚጠይቅ ፕሮግራም

ዛሬ ማታ የተቀመጥኩት ለመ. አጭር መልስ ለመጻፍ ብቻ ነበር። ጥያቄዋን ከላከችልኝ ቀናት አልፈዋል፤ እኔም እንደ ልማዴ «እሺ፣ አየዋለሁ» ብዬ አሳድሬዋለሁ። ተጠቃሚዎች መግባት ሲያቅታቸው የተሳሳቱት ስሙን ይሁን የይለፍ ቃሉን ፕሮግራማችን ለይቶ እንዲነግራቸው ትፈልጋለች። መልሱ በሁለት ዓረፍተ ነገር ያልቃል፦ የተጠቃሚዎችን ስምና የይለፍ ቃል በማውጫ የሚይዘው የዳይሬክተሪ ሰርቨር በሁለቱም ምክንያት የሚመልሰው ያንኑ 49 ቁጥር፣ ማለትም «መለያህ ልክ አይደለም» የሚለውን ነው። ይህንንም የሚያደርገው ሆን ብሎ፣ በውጭ ያለ ሰው ስም እያፈራረቀ የትኛው በማውጫው ውስጥ እንደሚገኝ እንዳያጣራ ነው።

ቀኑን ሙሉ ግን ምክንያቱን የማላውቀው ድብታ ተጭኖኝ ስለዋለ፣ ለሰው ከመጻፍ ኮድ ማየት ይቀለኛል ብዬ ራሱ በስምና በይለፍ ቃል ወደዚያው ሰርቨር የሚገባውን አሮጌውን የሲ ፕሮግራም ከፈትኩት። 49ን በዓይኔ አይቼ ልመልስላት በማለት ስሙን ሳልነካ የይለፍ ቃሉን ፋይል አበላሸሁት፤ ያበላሸሁትም የመጀመሪያውን መስመር አጥፍቼ ባዶውን በመተው ነበር። ፕሮግራሙ መስመሩን አነበበ፣ የመስመር መጨረሻ ምልክቱን ቆረጠ፣ የቀረውን ርዝመት ቢለካ ዜሮ ሆነ። ዜሮውንም ርዝመትንና ጽሑፍን አንድ ላይ በሚይዘው፣ በርቫል በሚባለው ስትራክት ጠቅልሎ፣ ከስሙ ጋር ወደ ሰርቨሩ ላከው። የመጣው መልስም ዜሮ ነው። ከዳይሬክተሪ ሰርቨር ጋር መነጋገሪያ በሆነው ደንብ፣ በኤልዳፕ ደግሞ ዜሮ ማለት ተሳክቷል ማለት ነው።

ለጥቂት ጊዜ ዝም ብዬ አየሁት። ቀጥሎ የተላከው ፍለጋም ያለ አንዳች ስህተት ተመለሰ፤ ይዞት የመጣው መዝገብ ግን የለም። ነገሩን ከዚህ በፊት አንብቤዋለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው፣ አርኤፍሲ ከሚባሉት የኢንተርኔት አሠራር ሰነዶች አንዱ በሆነው በአርኤፍሲ 4513 በግልጽ ሰፍሯል። ቀላል በሚባለው የማንነት ማረጋገጫ ስሙን ሞልቶ የይለፍ ቃሉን ባዶ የላከ ክላየንት (ጠያቂው ፕሮግራም)፣ ስሙ ለመዝገብ ያህል ብቻ ተይዞለት፣ ማንነቱ እንዳልታወቀ እንግዳ ይስተናገዳል። ሰነዱ ሰርቨሮች ይህን ዓይነቱን ጥያቄ በነባሪ በ53 ቁጥር፣ ማለትም «ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ አይደለሁም» በሚለው፣ እንዲመልሱት ይመክራል፤ ክላየንቶችም ባዶ የይለፍ ቃል ገና ሳይልኩ ራሳቸው እንዲያግዱ ያሳስባል። ኦፕን ኤልዳፕ የተባለው የሰርቨር ፕሮግራምም ካልተፈቀደለት በስተቀር አይቀበለውም። በእኛ የሙከራ ሰርቨር ላይ ግን አንድ ሰው ፈቅዶለታል። ማን እንደሆነ ለማወቅ የለውጥ መዝገቡን ገለጥኩ፤ ከጎኑ «ለጊዜው» ተብሎ ተጽፏል፤ ስሙ የእኔ ነው።

በኤልዳፕ ውስጥ «እኔ ማን ነኝ?» የሚባል ጥያቄ አለ። ቀልድ አይደለም፤ አርኤፍሲ 4532 የተጻፈው ለእሱ ብቻ ነው፤ በሲ ላይብረሪውም ውስጥ አንድ ራሱን የቻለ ፋንክሽን አለው። ክላየንቱ ይህን ሲጠይቅ ሰርቨሩ በዚያ ግንኙነት ላይ በማን ስም እንደሚያውቀው ይነግረዋል። ትክክለኛውን የይለፍ ቃል መልሼ ስሞክር የፕሮግራሙን ስም ከነዘር ማንዘሩ፣ እስከ ማውጫው ሥር ድረስ ቆጠረለት። በባዶው ስሞክር ግን የመጣው ባዶ ጽሑፍ ነው። ስማችንን ተናግረናል፣ ተሳክቷል ተብለናል፣ ማን ነን ብለን ስንጠይቅ ግን ማንም አይደለንም። ሰርቨሩ አልዋሸም። እሱ «ጥያቄህን ተቀብዬ ጨርሻለሁ» ሲል እኔ ለዓመታት «አውቄሃለሁ» እንዳለ አድርጌ ስተረጉመው ኖሬአለሁ። የሰዎችን መግቢያ በዚሁ መንገድ የሚያጣራ ፕሮግራም ቢሆን ኖሮ፣ የማንንም ስም ጽፎ የይለፍ ቃሉን ክፍት የተወ ሁሉ ሰተት ብሎ ይገባ ነበር።

ማስተካከያው ቀላል ነው፤ ርዝመቱ ዜሮ ከሆነ ሳይልኩ መመለስ፣ ከገቡም በኋላ ማን ነኝ ብሎ ጠይቆ መልሱን ከተጠበቀው ስም ጋር ማስተያየት። በ389 በር (ፖርት) ላይ መጀመሪያ ቲኤልኤስ የተባለውን ምስጠራ ጀምሮ ከዚያ በኋላ ብቻ የይለፍ ቃሉን መላክ ድሮም ነበረበት፤ አለዚያ ቃሉ ያለ ምስጠራ እንደተገለጠ ይሄዳል። ከዚያ የይለፍ ቃሉን ከሜሞሪ ለመሰረዝ ተነሣሁ። ሜሞሪን በተሰጠው ዋጋ የሚሞላው ሜምሴት አይታመንም፤ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር ከዚያ በኋላ ማንም የማያነበውን ቦታ ማጽዳት ትርፍ ሥራ ነው ብሎ ትእዛዙን ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ ኮምፓይለሩ እንዳይጥለው ተብሎ የተሠራውንና ጂሊብሲ በተባለው የሲ ላይብረሪ በ2.25 እትሙ የገባውን ፋንክሽን ተጠቀምኩ። በሜሞሪ ውስጥ ከአንድ ሰከንድ በላይ ለማይቆይ ቃል ይህን ሁሉ ስጠነቀቅ፣ ያው ቃል ከጎኑ በዲስኩ ላይ፣ በፋይል ውስጥ፣ ዓመት ከዓመት ተጽፎ እንደሚኖር ትዝ አለኝ።

ፋይሉ ከፕሮግራሙ በቀር ሌላ እንዳያነበው ፈቃዱ 600 ነው። ቢመሰጠርስ? መፍቻው ቁልፍ የት ይቀመጣል? በሰርተፍኬት ይግባ ብል የግል ቁልፉ ፋይል ነው፤ ከርበሮስ ወደተባለው የማንነት ማረጋገጫ ብሄድ ኪታብ (keytab) የሚባለው የቁልፍ መያዣውም ፋይል ነው። ከሁሉም ደስ የሚለኝ በአንድ ማሽን ውስጥ ፕሮግራሞች እርስ በርስ በሚገናኙበት በዩኒክስ ሶኬት የሚገባው ነው፤ በዚያ ጊዜ የስርዓተ ክወናው እምብርት፣ ከርነሉ ራሱ ምስክር ስለሚሆን የይለፍ ቃል አያስፈልግም። የእኛ ሰርቨር ግን ሌላ ማሽን ላይ ነው። ሰው የይለፍ ቃሉን በልቡ ይይዛል፤ ልብ የሌለው ፕሮግራም በምን ይያዘው? ይህን እያወጣሁ እያወረድኩ እኩለ ሌሊት አለፈ።

ማሽኑን ልዘጋ ስል የመ. ረቂቅ ከኋላ ተከፍቶ አገኘሁት። የጻፍኩት ስሟንና ከስሟ ቀጥሎ ያለችውን ነጠላ ሰረዝ ብቻ ነው። ስሙ ተሞልቶ ቃሉ ባዶ የሆነ መልእክት ልኬላት 53 ብላ ብትመልስልኝ አይፈረድባትም።